ለብርኩማው የሚሆን ወይራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ጎርጎራ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳር ክረምቱ ገብቷል፤ የጣናም ውኃ ደፍርሷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ የተሰነጠቀ እንጨት ይደርስዎታል። እንዳይጥሉት፤ የምጽፍልዎት ስለ እሱ ነው።

ጊታር ገዛሁ። ዋጋውን አልነግርዎትም፤ በስልክ ቢጠይቁኝም መስመሩ ይቋረጣል። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ኤሌክትሪክ ነው፤ ነገር ግን ሆዱ እንደ ክራር ባዶ ነው፤ ደረቱም ላይ እንደ ቫዮሊን ግራና ቀኝ ጠመዝማዛ ቀዳዳዎች አሉት። በባትሪ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ከተላጠው ወረቀት ላይ «ቡበንሮይት» የሚለው ቃል ብቻ ተርፏል። ቡበንሮይት የጀርመን መንደር ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቼኮዝሎቫኪያ የተባረሩ ጀርመናውያን የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሰፍረውባታል። ከቤታቸው ሲወጡ መሮና መላጊያቸውን ይዘው ይሆን? እርስዎ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነበር።

እንደ ልማድዎ ደረቱን በጣቴ አንኳኳሁት። ወጥ እንጨት አይደለም አባባ፤ ኮምፔንሳቶ ነው። ሲስቁ ይታየኛል። እኔም ተታለልኩ ብዬ አዝኜ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ባዶውን ሆድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሆዱ ክሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ክሩ ድምፁን መልሶ ወደ ማጉያው ይልካል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ጩኸት ይሆናል። ተደራርቦ የተጣበቀ እንጨት እንደ ወጥ እንጨት አይርገበገብምና ጩኸቱን ጥቂት ያበርደዋል።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል፣ በመጀመሪያው ምሽት፣ ከማጉያው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እጄን ከክሩ ላይ ሳነሣ ጊታሩ በራሱ ጊዜ ማላዘን ጀመረ። አስተናጋጁ ትሪውን ይዞ ደርቆ ቀረ። አሁን ቀዳዳዎቹን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወትፌ፣ ከማጉያው ሦስት እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። ስፈልግ ግን አንድ እርምጃ እጠጋለሁ። ያን ጊዜ የትዝታ የመጨረሻዋ ድምፅ ሳትሞት፣ በጭራ እንደሚሳብ የመሰንቆ ድምፅ ትረዝማለች። በሌላው ጊታሬ ይህን አግኝቼው አላውቅም። የከፈልኩት ገንዘብ ለዚህች አንዲት እርምጃ ነው ብል ይቆጡኝ ይሆናል።

አሁን ወደ እንጨቱ ልመለስ። እርስዎ በክራር ላይ ብርኩማ የሚሉት፣ ክሮቹን ከደረቱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ነው። በዚህ ጊታር ላይ በኮላ አልተጣበቀም፤ ደረቱ ላይ የሚቆመው በክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ ፈታሁና ብርኩማው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቦታውም ጠፋ። እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግሁት። ከአንገቱ የላይኛው ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱን ካቋረጡት ቀጫጭን ብረቶች እስከ 12ኛው፣ 32 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያ እስከ ብርኩማው ያለውም ያንኑ ያህል መሆን አለበት፤ በተለይ ለወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ይጨመራል። ቦታውን አግኝቼ በእርሳስ ምልክት ሳደርግ፣ አንደኛው እግሩ መሰንጠቁን አየሁ። ክሩን በደንብ ስወጥር ስንጥቁ ይከፈታል።

እዚህ ከተማ የሚጠግን አላጣሁም። ነገር ግን እርስዎ ጓሮ የከመሩት ወይራ ትዝ አለኝ። ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። ቁመቱን ከተሰበረው ላይ ይለኩት። እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረዎት መሮውን እንደሰቀሉት ነግረውኛል። ሻካራውን ብቻ ይሥሩልኝ፤ እንጨቱን ሞርሳ ላይ ያስሩት። እግሩን ከደረቱ ጉብታ ጋር የማስማማቱ ሥራ የእኔ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ደረቱ ላይ አንጥፌ፣ ክፍተት እስኪጠፋ ወዲያና ወዲህ እፈትገዋለሁ።

ቸኩለው በሌሊት እንዳይሠሩት፤ ለዓይንዎ አይበጅም። እስከዚያ በአሮጌው ጊታሬ እጫወታለሁ።

ወይራው የደረቀ ይሁን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት።

ልጅዎ