እማ፣ ይቺን በስልክ አልነግርሽም

እማ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ደብዳቤ ሲመጣልሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልታመመም። ስልክ ላይ ግን አንቺን ማናገር አልቻልኩም። ገና «እማ» ከማለቴ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የምታነብልሽ የጎረቤት ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች አይደል? አደራ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የሚያስከፋት ቢመስልሽም አትዝለይ።

ልጆቹ አድገዋል። ትልቁ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያነብ ያፏጫል። ኳስ ካልሆነ ሌላ ወሬ የለውም። ትንሿ ደግሞ ያገኘችው ወረቀት ላይ ሁሉ ትስላለች። ባለፈው አንቺን ሳለችሽ። ሻሽሽን፣ ጋቢሽን፣ አጠገብሽ ጀበናውን። ከዚያ ቀለሟን ይዛ መጣችና «የእማማን አንዱን ዓይን ነጭ ልቀባው?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ተነስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ።

እማ፣ ለአረፋ ስንመጣ አይቼሻለሁ። ቡናውን ስትቀጂ ጣትሽን የሲኒው ጠርዝ ላይ አድርገሽ ነው። ሲሞላ በሙቀቱ ነው የምታውቂው። «ለምዶብኝ ነው» አልሽኝ። አልለመደብሽም፣ አላየሽውም ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽ ሰው፣ ያቺን ወረቀትሽን እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሽ ሰው፣ አሁን ደብዳቤሽን በሰው ዓይን ታነቢያለሽ። ሞራ ነው። ጠብታ አያጠፋውም፤ መግፈፍ ብቻ ነው መድኃኒቱ። የጨለመውን ያወጡና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገቡልሻል። የሚያደነዝዙት ዓይንሽን ብቻ ነው፤ ሥራው ከጀበና አንድ ቡና አይረዝምም። ቦሩ ሜዳ የዓይን ሐኪሞች አሉ፤ ከደሴ ቅርብ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬሻለሁ። አንቺ «ዘንድሮ ገብሱ ይሰብሰብ» ትያለሽ። ገብሱ አምናም ነበረ።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እየተማርኩ ነው። ማለቴ ለመማር እያጠናሁ ነው። ለማስተርስ የመግቢያ ፈተና አለ። ድሮ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ይፈትን ነበር፤ ከ2016 ወዲህ አገር አቀፍ ሆኗል። ጋት ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። እንግሊዝኛ አለው፣ ሒሳብ አለው፣ ነገር ማመዛዘን አለው። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ጥያቄ ላይ ከቆምሽ ሌላው ያመልጥሻል።

ሌሊት አሥር ሰዓት እነሳለሁ። ልጆቹ ሳይነሱ፣ ኩሽና ውስጥ፣ እግሬን በጋቢ ጠቅልዬ። የጦሳን ብርድ ታውቂዋለሽ። የሚያስቸግረኝ እንግሊዝኛው ነው። የማላውቀውን ቃል ሁሉ በደብተር ግራና ቀኝ እየጻፍኩ እሸመድዳለሁ። ሒሳቡ ግን አያስፈራኝም። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ትናንት የሠራሁትን ልንገርሽ። ስድስት ሰው አንድን ሥራ በአሥር ቀን ከጨረሰ፣ አራት ሰው በስንት ቀን ይጨርሰዋል? አብረውኝ ከሚያጠኑት መምህራን አንዱ ሰው ሲያንስ ቀኑንም አሳነሰው። እኔ ደቦ ትዝ አለኝ። አጫጆች ሲቀሩብሽ አጥሩ ሥር ቆመሽ በጣትሽ አንጓ ትቆጥሪ ነበር። «ሰው ቀረ፣ ቀን ተጨመረ» ትያለሽ። በአንድ ሰው ስልሳ ቀን፣ ለአራት ሲካፈል አሥራ አምስት። ገበያም ላይ እንዲሁ ነበርሽ። ሦስት ጣሳ ገብስ ሃያ አራት ብር ብለሽ ስትሸጪ፣ ነጋዴው ሰባት ጣሳ ሲሰፍር ገና ሳይጨርስ «ሃምሳ ስድስት» ትይው ነበር። የተማርሽው ፊደል ነው፣ ሒሳቡን ከየት አመጣሽው?

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልጻፈው። አሥራ ስምንት ዓመት ይዤዋለሁ።

2000 ዓ.ም. ነበር። አባዬ በሞተ በስድስተኛው ወሩ። የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጣ። መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አመጣሁ። እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። አንቺ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥሪ ነበር። ወረቀቱን አየሽው፤ ሰፌዱን ሳታስቀምጪ በአንጓሽ ቆጠርሽ። «መሰናዶ ሁለት፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስት። አምስት ዓመት ማን ያበላናል? አሥር ሲደመር ሦስት ግቢ፣ ቶሎ ደሞዝ ትይዣለሽ።» ከዚያ ማበጠርሽን ቀጠልሽ።

ሒሳብሽ ልክ ነበር። እኔም አሁን ሁለት ልጅ ይዤ ስቆጥረው ልክ ነው። ደሴ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ ደሞዝ ያዝኩ፣ ቤቱ ቆመ። አልቆጭበትም። ዲግሪዬንም ክረምት በክረምት ተማርኩት።

ያመመኝ ሌላ ነው። ወንድሜ መሰናዶ ሲያልፍ በግ ታረደ። ወዳጃ ተጠራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰፈሩ ሁሉ መረቀው። የበጉን ብር የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ በደስታ ነው የሰጠሁሽ። ለእኔ ግን ያን ቀን ቡና እንኳ አልተፈላም። «ጎበዝ» አላልሽኝም። ማለፌን ማንም ሳያውቀው ቀረ። አልሄድሽም ማለት ሌላ፣ አላለፍሽም ማለት ሌላ ነው እማ። እኔ እኮ አልፌ ነበር።

ያን ጊዜ ከፍቶሽ እንደነበር አውቃለሁ። ሐዘን ላይ ነበርሽ። «ጎበዝ» ብትይኝ ከመሰናዶ እንደማታስቀሪኝ ፈርተሽ ይሆን? ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ።

ባለፈው ወር ለምዝገባው ዲግሪዬን ስካን ላስደርግ ከፌስታሉ አወጣሁት። ከማጠፊያው ሁለት ፍሬ ገብስ ወደቀ። በ2014 ከደሴ ስንወጣ ወረቀቶቼን ተቀብለሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር የቀበርሻቸው። ስለዚያ ጊዜ አንቺም እኔም አናወራም። ቤት ውስጥ ስንት ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የደበቅሽው ግን የእኔን ወረቀት ነው። ሁለቱን ፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ «እትዬ ምን ሆኑ?» እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

እማ፣ ካለፍኩ የምፈልገው አራት ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሒሳብ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለልሽ ትይኛለሽ፤ ባለቤቴም ያው ብሎኛል። እውነታችሁን ነው። ቅርብ ነው፣ ልጆቹንም አልለይም። ግን ያኔ ያልሄድኩበትን መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሁለት ዓመት ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። አንቺ እንዲህ ሆነሽ እኔ ልሂድ ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ለዚህ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ። ሌሊት መጽሐፉ ላይ ተቀምጬ፣ ስሄድ ብትወድቂስ፣ እሳቱ ልብስሽን ቢይዘውስ እያልኩ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ።

ስለዚህ ዓይንሽን ታከሚ የምልሽ ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። ለእኔም ነው። አይተሽ ደሴ እንድትመጪልኝ፣ ከልጆቹ ጋር እንድትሆኚልኝ ነው። አባታቸው ከኮምቦልቻ ማታ ነው የሚገባው። ያኔ አንቺ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ቀረሁልሽ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ግን እምቢ ስትይ ምክንያቱን ንገሪኝ፤ ገብሱን አታምጪብኝ።

በጎቹን ጎረቤትሽ ትጠብቅልሻለች፤ በስልክ ጨርሻለሁ፣ አትቆጪያት። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ኪሎ ቡና፣ ስኳርና የጉልበት ቅባት አለ። ለመኪናው የላክሁልሽን ብር ለሌላ እንዳታውዪው። የጤና መድን ደብተርሽን ያዢ፤ መታደሱንም ልጅቷ ትይልሽ። ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈሪ፣ ደሴ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ጋቢሽን ደርቢ፣ ጉጉፍቱ ላይ መስኮት የሚከፍት አይጠፋም።

ልጅሽ
ከደሴ