ፎቶው የቢንቢ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን ስለ ነካሽ ትንኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶው ግን የቢንቢ ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ኩሊኮይደስ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለምታክለው ደቃቅ ትንኝ። ቢንቢ አጠገቧ ብትቆም ግመል ናት።

የፎቶው ስህተት ባልከፋ፣ ምክሩም አብሮ ተሳስቷል። «አጎበር ስቀሉ» ብላችኋል። የተራ አጎበር ቀዳዳ ለእሷ በር ነው፤ ሰተት ብላ ትገባለች። መረቡ ከዚያ በጣም የጠበበ መሆን አለበት።

እሷን ለመለየት ስታርፍ ክንፏን ማየት ነው። እንደተዘጋ መቀስ አንዱን በሌላው ላይ አነባብራ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች። የብዙዎቹ ዝርያዎች ክንፍ ዝንጉርጉር ነው፤ ባለሙያዎችም በዚሁ ይለዩዋቸዋል። ማጉሊያ ግን ያስፈልጋል፣ በባዶ ዓይን አትድከሙ። ካላዛርና ቁንጭር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ፀጉራም ናት፤ ክንፏንም ከፈት አድርጋ ወደ ላይ ታቆመዋለች። ጎባጣዋ ጥቁር ዝንብ ደግሞ የምትራባው በሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው። አነካከሳቸውም ይለያያል። ቢንቢ እንደ መርፌ ትወጋለች። ኩሊኮይደስ ግን ቆዳ ቆርጣ የሚንቆረዘዘውን ደም ትመጥጣለች። የምትነክሰውም ሴቷ ብቻ ናት።

«የዝናብ ወቅት ነፍሳት» ያላችሁትም አልተዋጠልኝም። ዋናው ጭቃው ነው። እጮቹ የሚያድጉት በረግረግ ዳርና እበት በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ስለሆነ፣ ዝናቡ ካባራም በኋላ መሬቱ እስኪደርቅ ይፈላሉ። ብርድ በሚጠናባቸው አገሮች እጮቹ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ጭቃ ውስጥ ይከርማሉ። ሙቀት ሲመለስ ነው ክንፍ አውጥተው የሚወጡት።

ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚበረቱት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ነፋስ አይችሉም፤ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ከነፈሰ አብዛኞቹ ሣር ውስጥ ይደበቃሉ። ስለዚህ በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከአጎበሩ ይልቅ ፋን ይረዳዋል። የሚገርመው፣ ከፍ ብለው ሳሉ ነፋስ ከያዛቸው ባሕር ያሻግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሰሜን አውሮፓ የገባው፣ እነሱ የሚያዛምቱት የበጎች በሽታ፣ ብሉታንግ፣ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝ የደረሰው በዚህ መንገድ እንደሆነ ይታመናል።

ኩሊኮይደስ ወባ አታስተላልፍም። ፈረስ ላለው ሰው ግን ከቢንቢ ይልቅ የምታሰጋው እሷ ናት፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታዛምተው እሷ ነችና። ጽሑፋችሁ ፈረስን አንድም ቦታ አላነሳም። ፎቶውን ስትቀይሩ እሱንም ብትጨምሩበት።

አንባቢያችሁ