የማሽኑን ሴቲንግም ባክአፕ አድርጉ

ሰላም ወዳጆች፣

ባለፈው ሳምንት የሲኤንሲ ማሽኔን (በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት የሚቆርጠውን) የሚያሠራው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና በዚያው ቀረ። ዲዛይኖቹ ቤት ባለው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ድራይቭ ላይ ነበሩ፣ ተመስገን። ያልነበረው የማሽኑ ሴቲንግ ነው። ሞተሮቹ በአንድ ሚሊሜትር ስንት ስቴፕ (ትንሽ እርምጃ) እንደሚሄዱ፣ የመቁረጫዎቹ ልክ፣ ሁሉም ጠፋ። ማሽኑን 100 ሚሊሜትር እየነዳሁ፣ በካሊፐር እየለካሁ መልሼ ለማስተካከል ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ጂኮዱን (ማሽኑ የሚከተለውን የትእዛዝ ፋይል) ብቻ ሳይሆን ሴቲንጉንም ኮፒ አድርጉ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ድራይቩን ከማሽኑ አጠገብ አትተዉት፤ የእንጨት ብናኝ የማይገባበት የለም። ኮፒው ሲያልቅ የድራይቩን ገመድ ንቀሉ። አልፎ አልፎም ከባክአፑ አንድ ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ። እኔ አንዱን ዲዛይን ስከፍተው ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።