ከካርቶኑ ቁጥር በፊት የማሽኑ ሰሌዳ ይነበብ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በደሴ ከተማ በብየዳ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ የመጀመሪያ ማሽናቸውን ለመግዛት ዕቁብ የሚጥሉ ወጣት በያጆች እኔ የደረሰብኝ ኪሳራ እንዳይደርስባቸው፣ ማሽን የሚሸጡ ነጋዴዎችና ሙያውን የሚያስተምሩ ኮሌጆችም በጉዳዩ ላይ ድርሻቸውን እንዲወጡ ለመጠየቅ ነው።

ለሰባት ዓመታት የሠራሁት በሰው ማሽን ነበር። በርና መስኮት ስበይድ ከሚገኘው የእጅ ዋጋ እኩሌታው የማሽኑ ባለቤት የነበሩት የአሠሪዬ ድርሻ ነበር። ሙያውን ከመሠረቱ ያስተማሩኝ እርሳቸው በመሆናቸው በዚህ አላማርርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን የወርክሾፑ ዕቃ በሙሉ ጠፋ፤ ወደ ከተማው ስንመለስ በየሰፈሩ የተሰበረው በር በያጅ እየጠበቀ በእጃችን የሚበይድ ማሽን አልነበረም። የራሴ ማሽን እንዲኖረኝ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ዕቁቡ ሲደርሰኝ ወደ አንድ ሱቅ ሄጄ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 300 (አምፒር፣ ማለትም የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) የተጻፈበት ኢንቨርተር የሚባል ቀላል የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ከዋጋው በቀር የጠየቅኩት ነገር አልነበረም። ለሁለት ሰው እንኳ ከሚከብደው ከአሮጌው ትራንስፎርመር በኋላ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ማሽን መያዜ ብቻውን ደስታ ነበር። ቱቦላሬውን (ውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት) በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ በሚበይደው ዘንግ፣ ሳያስቸግር በየደልኝ። ለአንድ የግቢ በር ወፍራም አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ መበየድ ስጀምር ግን ሁለት ኤሌክትሮድ ሳልጨርስ ማሽኑ መጋሉን የሚያሳየው ቢጫው መብራት እየበራ ይቆም ጀመር፤ በአራተኛው ወር ጭራሹን ተቃጠለ። ሱቁም አልቀበልም አለ።

ማሽኑን ተሸክሜ ወደ ቀድሞ አሠሪዬ ዘንድ ስሄድ «አብሽር» ብለው ጀርባውን አዙረው የተለጠፈውን ትንሽ ሰሌዳ አነበቡልኝ። ሰሌዳው የሚለው 160 አምፒር፣ 30 ከመቶ ነበር። ይህ ዲዩቲ ሳይክል የሚባለው ልክ ሲሆን፣ ማሽኑ በ160 አምፒር መበየድ የሚችለው ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን ብቻ እንደሆነ፣ የቀረውን ሰባት ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት ይናገራል። ሳያርፍ እንዲሠራ ከተፈለገ የሚሰጠው ወደ 88 አምፒር ነው፤ ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ደግሞ በተለምዶ ከ90 እስከ 130 አምፒር ይፈልጋል። ስለዚህ ማሽኑን የገደለው የማይችለውን ሥራ ያሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ካርቶኑ ላይ 300 ብሎ የጻፈውም ከተጠያቂነት የሚያመልጥ አይመስለኝም።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሌላም ነገር አለ። የብየዳ ማሽን የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኢሲ 60974-1፣ ማሽኑ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ባለ ቦታ እንደሚሠራ አድርጎ ይነሣል። ደሴ ያለችው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የማሽኑ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ብርድ ከፊሉን እንደሚያካክስ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር እስከ ጫፉ ማመን አይገባም እላለሁ። በዚህ ላይ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ከ220 ቮልት በታች ይወርድና ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የፍሌክስ (የብረት መቁረጫና መሞረጃ መሣሪያ) የብረት ብናኝም ኢንቨርተር ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ማሽኑን ብረት ከሚቆረጥበት ቦታ ማራቅና በየጊዜው በአየር ማስነፋት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በሥልጠና ላይም አልተማርኩትም።

ሻጮችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ የሰሌዳውን አምፒርና ዲዩቲ ሳይክል በአማርኛ ጽፈው ማሽኑ ላይ እንዲለጥፉ፣ ገዢውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ደጃፍ ሦስት አራት ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ በተከታታይ አንድዶ እንዲፈትሽ እንዲፈቅዱለት። ኮሌጆቻችንም ተማሪው የብየዳ ስፌት ማሳመርን በሚለማመድበት ሰዓት አንድ ቀን ወስደው ሰሌዳ ማንበብን ቢያስተምሩት ትልቅ ውለታ ነው።

አሁን በሁለተኛው ማሽኔ እየሠራሁ ሲሆን የአምፒር መለኪያም አለኝ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ማሽን ሊገዛ የተነሣ ወጣት ከፈለገኝ መለኪያዬን ይዤ አብሬው ሱቅ ድረስ ለመሄድ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ በያጅ፣ ከደሴ