ትልቁን ስክሪን ለለቀቃችሁልን

ለደብረ ማርቆስ ሰዎች በሙሉ፣

ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ የሴቶች ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ሰሜን ኮሪያ ከኔዘርላንድስ፣ ሞሮኮ ራባት ላይ። የእኛ የሴቶች እግር ኳስ ፕሮጀክት ልጆች ያንን ጨዋታ ደህና ወንበር ላይ ተቀምጠው በትልቅ ስክሪን አዩ። እንዲያዩ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። አሠልጣኛቸው እኔ ስለሆንኩ ምስጋናውን ማድረስ የእኔ ድርሻ ሆነ።

መጀመሪያ አዳራሽ ነበር የፈለግነው። የጠየቅነው ቦታ «አዳራሹ ለስብሰባ ነው» አለን። ያን ቀን ስብሰባ አልነበረም። ይሁን፣ ይለፍ።

ከዚያ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ሰማ። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለኝ አልጠራም፤ ቤቱን ግን የማያውቅ የለም። ቅዳሜ ማታ እዚያ ቤት መቀመጫ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኳስ ወዳድ ያውቀዋል። ያን ቀን ደግሞ አርሰናል ጨዋታ ነበረው። ሰውዬው ከሁለቱ ስክሪን ትልቁን ለእኛ ሰጠና የአርሰናል ደጋፊዎችን ወደ ጓዳው ትንሽ ቴሌቪዥን ሰደዳቸው። እናንተም ሳታኮርፉ ስለሄዳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሰንደርላንድ 2 ለ 2 ስለወጣችሁ ብዙም የቀረባችሁ ነገር የለም።

«ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ምን ያስለፋል?» ያለኝ ሰው ነበር። ልጆቹ ሜሲን ያውቃሉ፣ ሮናልዶን ያውቃሉ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን ሉሲዎቹንም ያውቃሉ። በእነሱ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ለዓለም ዋንጫ ሲጫወቱ ግን አይተው አያውቁም። ውድድሩ እኮ ከ2008 ጀምሮ አለ፤ አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያው ኒውዚላንድ ላይ ሲሆን ዋንጫውን የወሰደችውም ሰሜን ኮሪያ ነበረች። እስከ አምናው ድረስ 16 ቡድን ነበር የሚሳተፈው፣ ያውም በየሁለት ዓመቱ። ዘንድሮ 24 ሆኗል፤ ከእንግዲህም በየዓመቱ ነው፣ እስከ 2029 ድረስ ሞሮኮ ላይ። ለ16 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ሲሆን አንዱ ካመለጣት ዕድሜዋ አለፈ ማለት ነው።

ዘንድሮ ከአፍሪካ አምስት አገሮች ነበሩ፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ አይቮሪ ኮስት እና ዛምቢያ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2024 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድረስ ሄዳ ሜክሲኮን 2 ለ 1 አሸንፋለች። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «ኬንያ? እዚህ አጠገባችን ያለችው?» አለች። ልክ ነሽ፣ እሷው ናት።

ወደ ማታው ልመለስ። ከፊት የተቀመጡት አባት ለአርሰናል መጥተው እኛ ዘንድ የቀሩ ናቸው። ከሁለቱ አንደኛዎቹ የማን ልጆች እንደሆኑ ጠየቁ። ሰሜን ኮሪያ ስንላቸው «አጎቴ ቃኘው ሻለቃ ሆኖ ኮሪያ ዘምቶ የወጋቸው እነዚህን አይደል!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ከሁሉም በላይ የሚያጨበጭቡት እሳቸው ሆኑ። «ጠላትም ቢሆን እንዲህ ከተጫወተ ምን ይባላል!» ሰሜን ኮሪያ 3 ለ 0 አሸንፋ አራተኛ ዋንጫዋን ወሰደች። አባታችን፣ በእርስዎ ሳቅ ልጆቹ ተፈቱ፤ ያለ እርስዎ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያመሹት።

በረኛችን ሙሉ ጨዋታውን ቆማ ነው ያየችው። የኔዘርላንድስ በረኛ ወደ ግራ ስትወጣ እሷም ወደ ግራ ትወጣለች። በአንዱ ማዕዘን ምት ላይ እጇን ዘርግታ የሰው ሻይ ደፋችባቸው። ሻዩ የተደፋባቸው ወንድማችን ሱሪያቸውን እያራገፉ «ያዘችው!» ነበር ያሉት። ለእርስዎም ምስጋና አለን።

ጨዋታውን ከስልኩ ወደ ስክሪኑ ያገናኘልን ልጅ የራሱን ፓኬጅ ጨርሶ ነው። ኔትወርኩ ሲንቀረፈፍ ስልኩን ይዞ ወንበር ላይ ወጥቶ መቆሙን አይተናል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት ሳንለምነው ጄኔሬተሩን አስነስቶ ገመድ ዘረጋልን። ሊጡ እየጠበቀው ነበር እኮ።

እናቶች፣ እናንተን ወደ መጨረሻ ያመጣኋችሁ ጉዳያችሁ ስለሚከብድ ነው። በዚህ ጊዜ ሴት ልጅን ማታ ከቤት ማስወጣት ቀላል አይደለም። ከመካከላችሁ «ኳስ ለሴት ምን ይሆናታል?» ስትለኝ የከረመች አንዲት እናት ነበረች። እሷው ናት በድስት ቅቅል ተሸክማ የመጣችው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብላ ለሁሉም አዳረሰች፣ ለአርሰናሎቹም ጭምር። ሐሳቧን ትቀይር አትቀይር አልጠየቅኋትም። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አይታለች።

ሲመሽ ልጆቹን በየቤታቸው ያደረሳችሁ የባጃጅ ልጆች፣ ሒሳብ ስንሰጣችሁ ነድታችሁ ጠፋችሁ። ክብረት ይስጥልን፤ አሁንም ዕዳችሁ አለብን።

አንድ ነጠላና አንድ ቻርጀር ተረስቶ ባለቤቱ ዘንድ ተቀምጧል። ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። ልጃችሁን መላክ የምትፈልጉ ላኩ። ታኬታ የላትም ብላችሁ አታስቀሯት፤ በሸራ ጫማም እንጀምራለን።