የምስጋና መልእክት፦ በአባታችን ዕረፍት ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ

በሰበታና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ጎረቤቶቻችን፣ ለአካባቢያችን እድር አባላት፣ ለኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ምእመናንና አገልጋዮች፣ እንዲሁም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ወዳጆቻችን በሙሉ፦

አባታችን ከ40 ዓመት በላይ በቅስና አገልግለው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም በሽተኛ መጠየቅና ሐዘንተኛ ማጽናናት ሳያቋርጡ ቆይተው፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በዐቢይ ጾም ወራት በሞት ተለይተውናል። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ በየቤታችሁ እየዞርን ልናመሰግናችሁ አስበን ነበር፤ ሆኖም የደረሰልን ሰው ብዛት ይህን የማያስችል ሆኖ ስላገኘነው ምስጋናችንን በቤተሰቡ ስም በጽሑፍ እናቀርባለን።

የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ ሕክምና ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል አዲስ አበባ መግባትና መመለስ ሲጨመርበት ታማሚውንም አስታማሚውንም የሚያደክም ነገር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሚኒባሱን ደጃችን ድረስ እያመጣ ያመላልሳቸው የነበረው የጎረቤታችን ልጅ፣ የነዳጅ ዋጋ እንኳ ስንሰጠው “ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው” እያለ ሳይቀበለን ቀርቷል። እርሱንና ቤተሰቡን፣ ሕክምናው በተሰጠበት ክፍል የነበሩትንም ነርሶች፣ በተለይም አባታችን እጥበት ላይ ሆነው ስለ ጤንነታቸው ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲጠይቋቸው ሳይሰለቹ ይመልሱላቸው የነበሩትን እህቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን።

ስለ እድራችን ግን ዘርዘር አድርገን መናገር ይገባናል። አባታችን ወደ ሰበታ ተመድበው በመጡበት ጊዜ፣ እድሩ በቅዱስ ስም የተሰየመ በመሆኑ አባል እንዳይሆኑ የመከሯቸው የራሳቸው ምእመናን ነበሩ። እርሳቸው ግን ምክሩን አልተቀበሉም። ያደጉት በምዕራብ ወለጋ ሲሆን፣ በልጅነታቸው የወንጌላውያን አማኝ ሲሞት የመቃብር ቦታ የሚከለከልበትን ዘመን አይተዋል። ካደጉ በኋላም በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና አገልጋዮች ሲታሰሩ፣ እርሳቸውም ከታሰሩት መካከል ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም ታፍነው ከተወሰዱ በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም እስኪገኝ ድረስ ቤተሰባቸው የሚያለቅስበት መቃብር አልነበረውም። አባታችን ይህን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ሰው በወግ መቀበሩ፣ ያውም በጎረቤቶቹ እጅ መቀበሩ፣ ለእርሳቸው ቀላል ጉዳይ እንዳልነበረ የምንረዳውም ከዚህ ነው።

ስለዚህ የእድሩን ወርሃዊ ክፍያ ሳያዛንፉ ከፍለዋል። የአባል ቀብር ሲኖር ቀድመው ይገኙ ነበር፤ ሟቹ ኦርቶዶክሳዊ እንደሆነ ፍትሐቱ እስኪያበቃ በግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሟቹ ሙስሊም እንደሆነም አስከሬኑን ተከትለው እስከ መቃብሩ ይሄዳሉ። ለእኛ ለልጆቻቸው ይህ ሁሉ አንዳንዴ የበዛ ይመስለን እንደነበር አንሸሽግም፤ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አቋርጠው ለቅሶ የሄዱባቸው ቀኖች ጥቂት አልነበሩም።

የእርሳቸው ተራ በደረሰ ጊዜ ያየነውን ግን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። ጡሩንባው ከተነፋ በኋላ ድንኳኑ እስኪተከል፣ ወንበርና ድስቱ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ በመዋላቸው ከለቀስተኛው ብዙው ጿሚ ነበር። ራሳቸው እህል ውኃ ሳይቀምሱ ለእኛ እንጀራና ሽሮ ተሸክመው የመጡትን ሙስሊም እናቶቻችንን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቴምርና ሾርባ አዘጋጅተው በዚያው ድንኳን ውስጥ ያስፈጠሯቸውን የማኅበረ ምእመናናችንን ሴቶች፣ ሁለቱንም እናመሰግናለን። መቃብሩን የቆፈሩት፣ ሬሳውንም የተሸከሙት ወጣቶች ከየትኛው እምነት እንደሆኑ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በድንኳኑ መጥተው ከእናታችን ጎን በመቀመጥ ያጽናኗት የአጥቢያው የኦርቶዶክስ ካህንም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

የቀብሩን ጸሎት በኦሮምኛና በአማርኛ ለመሩት አገልጋዮች፣ ለመዘምራኑም ታላቅ አክብሮት አለን። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ በአናሲሞስ ነሲብ የተተረጎመውንና በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አባታችን እስከ መጨረሻው ከእጃቸው ስላልለዩት፣ ንባቡ ከዚያው እንዲሆን የጠየቅነውን በደስታ ፈጽማችሁልናል። ስብከቱም አጭር ነበር። የአባታችንን ስብከት ርዝመት የምታውቁ ሁሉ ይህን በፈገግታ እንደታዘባችሁት እናምናለን።

የአበባ ጉንጉን ላመጣችሁም እናመሰግናለን። አባታችን ግን “ለሬሳ አበባ፣ ለበሽተኛ ባዶ እጅ” እያሉ ይተቹ ስለነበር፣ ከእንግዲህ በስማቸው አንድ ነገር ለማድረግ የምታስቡ ሁሉ በአካባቢያችን የኩላሊት እጥበት ለሚከታተሉ ሕሙማን የመጓጓዣ ወጪ እንድታውሉት በትሕትና እንጠይቃለን። የጎረቤታችን ልጅ ሚኒባሱን ለዚሁ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ነዳጁን የሚሸፍን ሰው ከተገኘ ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል። ለመርዳት የምትፈልጉ የእድሩን ጸሐፊ አነጋግሩ።

በመጨረሻም፣ በለቅሶው ሰሞን ከየቤቱ ከመጡት ዕቃዎች መካከል ሁለት ትልልቅ ትሪዎች፣ አንድ ጀበናና ሰማያዊ ምንጣፍ ባለቤታቸው ሳይታወቅ በእኛ ዘንድ ስለሚገኙ፣ የእናንተ የሆነ ካለ ከቤታችን መጥታችሁ እንድትወስዱ እናሳስባለን። ቡናም እናፈላለን።

የሟች ባለቤትና ልጆች
ሰበታ