የደረቅ ጣውላ ዋጋ ለምን ለየን?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

እርጥቡንና ደረቁን ጣውላ በተለያየ ዋጋ መሸጥ ከጀመርን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር ብሏችኋል። «ገንዘብ ሲያዩ ተለወጡ» ያላችሁም አላችሁ። ለተጉላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዋጋው ግን ባለበት ይቀጥላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ጣውላ መላጊያ ማሽን ውስጥ ካለፈ በኋላ እርጥብ ይሁን ደረቅ በዓይን አይለይም። የሚያውቀው ሻጩ ነው። ገዢ ደግሞ ላላየው ነገር አይጨምርም፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ወራት ሙሉ ደርድረን ያደረቅነው፣ ትናንት ከአይሱዙ ከወረደው ጋር በአንድ ዋጋ ሲሄድ ኖረ። እንዲህ ከሆነ ማን ያደርቃል? እዚሁ አሸዋ ሜዳ ማድረቁን የተዉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

አዲስ የተቆረጠ የፈረንጅ ጥድ የያዘው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ሊበልጥ ይችላል። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ልክክ ብሎ የተገጠመ በር ጥር ላይ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። የሚሰደበው አናጺው ነው።

አባቴ እዚህ ግቢ አጣና በመሸጥ ነው የጀመረው። ጣውላን በጣቱ መታ መታ አድርጎ በድምፁ ይለይ ነበር፤ ሰውም በቃሉ ይገዛው ነበር። ዛሬ ቃል ብቻ አይበቃም ብለን ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ገዛን። የእንጨቱን ዓይነትና የገባበትን ቀን ጫፉ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። ግራቪሊያን ቀለም ቀብቶ «ዋንዛ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ከዚህ ግቢ ግን አይወጣም።

ስድስት ወር የተደረደረ ጣውላ ስድስት ወር የታሰረ ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የመጋዝ ምላጩም፣ ጎማውም፣ ነዳጁም አልተቻለም። አንዳንዶቻችሁ ሱቅ ስትከፍቱ የመጀመሪያውን ጣውላ በዱቤ የወሰዳችሁት ከእኛ ነው። ውለታ ልቆጥር አይደለም። ግን «ሊበሉን ነው» ስትሉ ያማል።

ለፎርምወርክ (ኮንክሪት ለሚሞላበት ቅርጽ) የምትፈልጉ ደረቁን አትግዙ፤ እርጥቡ ይበቃችኋል፣ ዋጋውም የድሮው ነው። ለበርና ለቁም ሳጥን ከሆነ ግን ከመጫናችሁ በፊት ልጆቹን «መለኪያውን አምጡ» በሏቸው። መርፌውን ራሳችሁ ውጉት። ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ መሃሉን ለኩ። ከ15 በመቶ በላይ ካሳየ በደረቅ ዋጋ አንሸጥላችሁም። ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ እንጽፍላችኋለን።

ቅሬታ ያለው ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ይበል። እኔው ራሴ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ ፊት ለፊት እንነጋገር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጣውላ ቤቱ ባለቤት
አሸዋ ሜዳ